ሮን ባራሲ፦ ከአሰልጣኙ ጓሮ የወጣው አሰልጣኝ

ደሴ ውስጥ ስለ ኳስ የሚያወጋ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ክርክር አለ፤ በጨዋታ ዘመኑ ስመ ጥር የነበረ ሰው አሰልጣኝ ሲሆን ይሳካለታል ወይ የሚለው ነው። አንዱ ዚነዲን ዚዳንን ይጠቅሳል፤ ሌላው ማራዶናን አንሥቶ በ2010 የዓለም ዋንጫ በጀርመን 4 ለ 0 የተሸነፈውን የአርጀንቲና ቡድን ያስታውሳል፤ ከአቦል እስከ በረካ ሲሟገቱ ቆይተው ሳይስማሙ ይነሣሉ። እኔ ወደዚህ ክርክር ይዤው የምገባው ሰው በእኛ ሀገር ስሙ እምብዛም የማይነሣ አውስትራሊያዊ ነው። ሮን ባራሲ ይባላል። በተጫዋችነት ስድስት ጊዜ፣ በአሰልጣኝነት አራት ጊዜ የሀገሩን ትልቁን ዋንጫ አንሥቷል፤ ለአሰልጣኝነት ያበቃው ግን ያ የተጫዋችነት ዝናው ነው ብዬ አላምንም። በአሰልጣኝ ቤት ማደጉና በኋላም ያን ቤት ደፍሮ ጥሎ መውጣቱ ይበልጥ ሠርቶታል ባይ ነኝ። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ ሰው መጀመሪያ የነገረችኝ ሜልበርን ከተማ ፉትስክሬይ በተባለው ሰፈር የምትኖር የአጎቴ ልጅ ናት። ፉትስክሬይ የሀገራችን ሰዎች ምግብ ቤትና ቡና ቤት ከፍተው የሚኖሩበት ሰፈር በመሆኑ እንጀራ እንዳልናፈቃት ትነግረኛለች፤ እንግዳ የሆነባት ኳሳቸው ነበር። «ጋሼ፣ እዚህ ሀገር ኳሱን በእጃቸው ይዘው ይሮጣሉ፣ ዳኛውም ዝም ብሎ ያያል» ብላ ነበር የጀመረችልኝ። በኋላ ግን ራሷ የሰፈሩ ክለብ ደጋፊ ሆና አረፈችው፤ እኔንም አብራ አስገባችኝ። የዓመቱ የፍጻሜ ጨዋታ በአብዛኛው በመስከረም የመጨረሻ ቅዳሜ የሚካሄድ በመሆኑ ለእኛ የመስቀል ሰሞን ላይ ይውላል፤ ሰዓቱም እዚያ ከቀትር በኋላ ሲሆን እዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ቁርስ እየበሉ ለማየት የሚመች ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። አውስትራሊያውያን በአጭሩ «ፉቲ» ይሉታል። ሜዳው ሞላላ ነው፤ በእያንዳንዱ ወገን 18 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ጨዋታው በአራት ክፍለ ጊዜ ይከፈላል፤ ከጨዋታ ውጭ የሚባል ሕግ የለም። በሁለቱም የሜዳ ጫፎች አራት አራት ቋሚዎች ቆመዋል፤ በመካከለኞቹ ሁለት ቋሚዎች መካከል በእግር ተመትቶ የገባ ኳስ ስድስት ነጥብ ሲያስገኝ፣ ከእነርሱ ግራና ቀኝ ያለፈው አንድ ነጥብ ብቻ ያስገኛል። ኳሱን ይዞ የሚሮጥ ተጫዋች በየ15 ሜትሩ መሬት ላይ ማንጠር አለበት። በእጅ መወርወር ክልክል ነው፤ ለጓደኛ በእጅ ማቀበል የፈለገ ሰው ኳሱን በአንድ መዳፉ ላይ አድርጎ በሌላ እጁ ጡጫ ይመታዋል። ይህቺ የጡጫ ቅብብል በባራሲ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ ስላላት አንባቢ በልቡ ቢይዛት ደስ ይለኛል።

ባራሲ የተወለደው በየካቲት 1936 በቪክቶሪያ ክፍለ ሀገር ካስልሜይን በተባለች ከተማ ነው። ስሙ የጣልያን መምሰሉ ደሴ ውስጥ ሲነገር ጆሮ ያስቆማል፤ ዘሩ ከስዊዘርላንድ ጣልያንኛ ተናጋሪ አካባቢ ወደ አውስትራሊያ ከፈለሱ ሰዎች የሚመዘዝ ነው። አባቱም ሮን ባራሲ ይባላሉ፤ እርሳቸውም ለሜልበርን ክለብ ተጫውተው በ1940 ዋንጫ ካነሣው ቡድን ጋር ነበሩ። በዓመቱ ሊቢያ ውስጥ ቶብሩክ ላይ፣ በጀርመንና በጣልያን ጦር ተከብቦ ይዋጋ ከነበረው የአውስትራሊያ ሠራዊት ጋር ሳሉ በሐምሌ 1941 ተገደሉ። ደሴ ከጣልያን እጅ የወጣችው በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ስለ ሆነ፣ ይህን ቀን ባነበብሁ ቁጥር ሁለቱን ጦር ሜዳዎች በአንድ ካርታ ላይ አስቀምጬ ማየት ይቀናኛል። ልጁ ያኔ የአምስት ዓመት ሕፃን ነበር።

ልጁ ሲያድግ የአባቱ ክለብ ሊወስደው ፈለገ፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን ተጫዋች የሚመደበው በመኖሪያ ሰፈሩ ስለ ነበር ሌሎች ክለቦች ሊቀድሙት ይችሉ ነበር። ሜልበርን ለሊጉ አቤት ብሎ፣ አንድ ክለብ ቀድሞ ለእርሱ የተጫወተን ሰው ልጅ እንዲያስፈርም የሚፈቅድ ደንብ እንዲወጣ ተሟገተ፤ ደንቡም ወጣ። ይህ የአባትና የልጅ ደንብ መልኩን እየለወጠ እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራበታል። ወጣቱ ባራሲ በ1953 ለሜልበርን መጫወት ሲጀምር አባቱ ይለብሱት የነበረውን 31 ቁጥር ለበሰ።

ለእኔ ግን ከደንቡም ከቁጥሩም የሚበልጠው ልጁ ያደረበት ቤት ነው። እናቱ ወደ ታዝማንያ ሲሄዱ፣ የክለቡ አሰልጣኝ ኖርም ስሚዝ ልጁን ወደ ራሱ ግቢ ወስዶ በጓሮ ባለችው ትንሽ ቤት አስቀመጠው። ስሚዝ በ1940ው ቡድን ውስጥ የአባቱ የጨዋታ ባልደረባ የነበረ ሰው ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ከአሰልጣኝነት ይልቅ የሟች ጓደኛን ልጅ ማሳደግ ነበር። ቀን በልምምድ ሜዳ የሚቆጣው ሰው ማታ በአንድ ማዕድ ላይ ይቀመጣል። ወሎ ውስጥ ይህን ዓይነቱን ትምህርት ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። ዕውቀት ፍለጋ ወደ ዳና፣ ወደ ጌታ ወይም ወደ ጀማ ንጉሥ የወጣ ደረሳ ከሸኹ የሚማረው ኪታቡን ብቻ አይደለም፤ ሸኹ በምን እንደሚቆጡ፣ በምን እንደሚታገሡ፣ የተጣላን ሰው እንዴት እንደሚያስታርቁ አብሮ በመኖር ይማራል። ባራሲም ከስሚዝ የተማረው ኳስ ከመምታት ያለፈ ነበር፤ ቡድን እንዴት እንደሚታሰብ ከጓሮው ሆኖ እያየ አደገ።

ስሚዝ ለልጁ ቦታም ፈጠረለት። ባራሲ በረጃጅሞቹ ዘንድ ኳስ ለመሻማት ቁመቱ አይበቃም፤ ለአጫጭሮቹ ፈጣኖች ቦታ ደግሞ ሰውነቱ ይከብዳል። ስሚዝ በሁለቱ መካከል፣ ኳሱ በሄደበት ሁሉ እየሄደ የሚጋጭ፣ የሚነጥቅና የሚያቀብል የሥራ ድርሻ አበጅቶ ሰጠው፤ ከዚያ በኋላ ቦታው ከባራሲ ስም ጋር ተያይዞ ቀረ። ሜልበርን በ1955፣ በ1956፣ በ1957፣ በ1959፣ በ1960 እና በ1964 ዋንጫ አነሣ፤ ባራሲ በስድስቱም ላይ ነበረ፣ በመጨረሻዎቹ ሁለቱም አምበል ነበር። መካከል ላይ የጎደለችው የ1958ቷ ናት፤ በዚያች ዓመት ኮሊንግዉድ ሜልበርንን በፍጻሜው አሸንፎ፣ እርሱ ራሱ ከ1927 እስከ 1930 የያዘውን የአራት ተከታታይ ዋንጫ ክብር ከመጋራት አስጣለው።

በ1964 መጨረሻ ላይ ሜልበርን ከተማን ያናወጠ ወሬ ተሰማ። የሜልበርን አምበል ባራሲ፣ ለክለቡ 204 ጨዋታ የተጫወተው፣ ክለቡ ደንብ አስወጥቶ የወሰደው ልጅ፣ በተጫዋችነትና በአሰልጣኝነት ወደ ካርልተን ሊሄድ ነው ተባለ። ደጋፊው አለቀሰ፣ ተራገመ፤ በሕፃናት ጀርባ ላይ የነበረው 31 ቁጥር ድንገት የከሃዲ ቁጥር ሆነ። ስሚዝ የራሱን ቦታ ሊለቅለት ፈቃደኛ እንደ ነበር ይነገራል፤ ባራሲ ግን ያሳደገውን ሰው ከወንበሩ አስነሥቶ መቀመጥን አልመረጠም። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ከብዙ ሰው የምለየው። አንድ ደረሳ ኪታቡን ጨርሶ ሌላ ሸኽ ፍለጋ ሲወጣ፣ ወይም በራሱ መንደር ሊያስተምር ሲሄድ፣ ከሃዲ ብሎ የሚሰድበው የለም፤ እንዲያውም የመጀመሪያው መምህሩ ዱዓ አድርገው ይሸኙታል። ባራሲ ሜልበርን ቢቀር ኖሮ ዕድሜውን ሙሉ የስሚዝ ልጅ ሆኖ ይኖር ነበር። ካርልተን በ1964 ከ12 ክለቦች 10ኛ የወጣ፣ በታሪኩ ከዚያ ዝቅ ብሎ የማያውቅ ቡድን ነበር፤ ለሚማር አሰልጣኝ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አይገኝም፤ የሚጎድለው ሁሉ በግልጽ ይታያልና።

የሜልበርን ዕጣ ግን ክፉ ሆነ። በዓመቱ የክለቡ አመራር ስሚዝን በውድድር መካከል አባረረው፤ በቀናት ውስጥ ቢመልሰውም የተሰበረው አልተጠገነም። ያ ክለብ ከ1964 በኋላ ዋንጫ ለማየት 57 ዓመት ጠበቀ።

ካርልተን በ1968 ከ1947 ወዲህ የመጀመሪያ የሆነውን ዋንጫ አነሣ፤ ኤሰንደንን 56 ለ 53 በሆነ ጠባብ ውጤት ረታ። የሚገርመው ኤሰንደን ስምንት ባለ ስድስት ነጥብ ጎል ሲያገባ ካርልተን ያገባው ሰባት ብቻ ነበር፤ ልዩነቱን ያመጡት ጎን ለጎን ያለፉት አንድ አንድ ነጥቦች ናቸው። ባራሲ በ1969 መጫወቱን አቁሞ ሙሉ በሙሉ የመስመር ዳር ሰው ሆነ። ከዚያ 1970 መጣ።

የ1970 ፍጻሜ በሜልበርን ክሪኬት ሜዳ ካርልተንን ከኮሊንግዉድ አገናኘ። የተመልካቹ ቁጥር 121,696 ነበር፤ ይህን ያህል ሰው በዚህ ጨዋታ ታሪክ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልተሰበሰበም። ኮሊንግዉድ ገና ከጅምሩ ጨዋታውን ያዘው፤ እረፍት ላይ 73 ለ 29 ይመራ ነበር። የ44 ነጥብ ልዩነት ማለት ከሰባት ጎል በላይ ነው፤ በዚያ ዘመን ይህን በፍጻሜ ጨዋታ ያስመለሰ ቡድን አልነበረም። የአጎቴ ልጅ የጨዋታውን ቅጂ ስትልክልኝ የመጀመሪያውን አጋማሽ ዝለል ብትለኝም ሙሉውን አየሁት፤ ጥሩም አደረግሁ፤ ምክንያቱም የሁለተኛው አጋማሽ ትርጉም የሚገባው የካርልተን ተጫዋቾች በመጀመሪያው አጋማሽ ኳሱን ባገኙ ቁጥር ቆም ብለው፣ ራቅ አድርገው ወደ ተሰለፈ የኮሊንግዉድ ተከላካይ ሲለጉት ላየ ሰው ነው።

ባራሲ በእረፍት ሰዓት በመልበሻ ክፍሉ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ ተጫዋቾቹ ኳሱን እንደያዙ እንዳይቆሙ፣ በጡጫ ለቅርብ ጓደኛ አቀብለው እንዲሮጡ፣ የተቀበለውም እንደገና እንዲያቀብል አዘዘ። ሁለተኛ፣ ቴድ ሆፕኪንስ የተባለውን፣ ሰውነቱ ቀጠን ያለ ተቀያሪ ወደ ሜዳ አስገባ። በዚያ ዘመን ለአንድ ቡድን የሚፈቀዱት ሁለት ተቀያሪዎች ብቻ ነበሩ፤ የወጣ ተጫዋች ደግሞ አይመለስም፤ ስለዚህ ለውጡ የማይመለስ ውሳኔ ነበር። ሆፕኪንስ በሁለተኛው አጋማሽ አራት ጎል አገባ። ኮሊንግዉዶች ሰውን ለመያዝ ሲደርሱ ኳሱ ከእጁ ወጥታለች፤ ወደ ሁለተኛው ሲዞሩ ሦስተኛው ይዟት ይሮጣል። በመጨረሻ ውጤቱ ካርልተን 111፣ ኮሊንግዉድ 101 ሆነ።

ከዚያች ቀን በኋላ የአውስትራሊያ ጨዋታ ተለወጠ የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ ላይ ጥንቃቄ አደርጋለሁ። የጡጫ ቅብብልን ለማጥቂያ መጠቀም ባራሲ የፈለሰፈው አይደለም፤ በ1960ዎቹ የጂሎንግ ክለብ ተጫዋች ግራሃም ፋርመር በዚሁ ስሙ ገኖ ነበር። የስሚዝ ወንድም ሌን ስሚዝም ሳይቆሙ ስለ መጫወት ሲያስተምር የኖረ አሰልጣኝ ነው። የባራሲ ድርሻ ሌላ ነው፤ ይህን ሐሳብ 44 ነጥብ ተመርቶ፣ መቶ ሃያ ሺህ ሰው ፊት፣ ሌላው አሰልጣኝ ወደሚያውቀው በሚሸሽበት ሰዓት ደፍሮ አዘዘው። ይበልጥ የሚገርመኝ ደግሞ ይህ ጨዋታ የእርሱ የራሱ ጨዋታ አለመሆኑ ነው። ተጫዋቹ ባራሲ በግጭት፣ በጉልበትና በእልህ የሚታወቅ ሰው ነበር። አሰልጣኙ ባራሲ ግን ያን ቀን «እንደ እኔ ተጋጩ» አላለም፤ ከግጭቱ ሽሹ ነው ያለው።

ይህን የምለው በቅርብ የማየው ነገር ስላለ ነው። በትርፍ ጊዜዬ የሰፈራችንን ታዳጊዎች ስለማስተባብር ቅዳሜ ጠዋት ሆጤ ሜዳ ዳር አልጠፋም። አንድ የቀድሞ ተጫዋች አለ፤ በወጣትነቱ ግራ እግሩ የተፈራች ነበረች፤ አሁን ልጆች ያሠለጥናል። አንድ ቀን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ከቀኝ መስመር ኳስ አሻገረ፤ በመሃል ያለው ጓደኛው ቀና ብሎ ሳይጨርስ ኳሱ ከኋላው አለፈች። አሠልጣኙ ጨዋታውን አስቁሞ፣ ጃኬቱን ለአንዱ ልጅ አስይዞ፣ ራሱ ወደ ነጥቡ ሄደና በግራው ጠቅልሎ መረቡ ውስጥ አስገባት። ልጆቹ አጨበጨቡ። በመሃል የነበረው ልጅ ግን ቀኝ እግረኛ ነው፤ በግራው መምታት አይችልም፤ እስከ ልምምዱ መጨረሻ ድረስም ኳስ በመጣች ቁጥር በግራው ሊመታ ሲሞክር ይወድቅ ነበር። ያ አሠልጣኝ ክፉ ሰው አይደለም፤ ትጋቱም አይታማም። ያስተማረው ግን ራሱን ነበር።

ባራሲ በ1971 መጨረሻ ከካርልተን ወጣ። በዓመቱ ያ ቡድን በእርሱ ሥር በተጫወተው በጆን ኒኮልስ አምበልነትና አሰልጣኝነት እንደገና ዋንጫ አነሣ። ባራሲ ደግሞ በ1973 ወደ ኖርዝ ሜልበርን ሄደ፤ በ1925 ወደ ሊጉ ገብቶ አንድም ዋንጫ ያላየ፣ በ1972 የሠንጠረዡ ግርጌ ላይ የነበረ ክለብ ነው። በ1974 ለፍጻሜ ደረሰና ተሸነፈ፤ በ1975 ሃውቶርንን በ55 ነጥብ ረትቶ የመጀመሪያ ዋንጫውን ወሰደ። እስከ 1978 ድረስ በአምስት ተከታታይ ዓመት ለፍጻሜ ቀርቧል። ከእነዚህ ውስጥ የ1977ቱ ለብቻው ሊወሳ ይገባል፦ ኖርዝ ሜልበርን ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ክፍለ ጊዜ አንድም ባለ ስድስት ነጥብ ጎል ሳያገባ አሳልፎ ኮሊንግዉድ በ27 ነጥብ ሲመራው ቆየ፤ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ደርሶበት 76 ለ 76 አለቀ። በዚያ ዘመን ጭማሪ ሰዓት ስላልነበረ በሳምንቱ እንደገና ተጫወቱ፤ ኖርዝ ሜልበርንም በ27 ነጥብ አሸነፈ። ኮሊንግዉዶች በዚህ ሰው እጅ ያዩትን መከራ ሳስብ አንዳንዴ አዝንላቸዋለሁ።

ስለ ጩኸቱ ሳልናገር ባልፍ ሐቁን አጎድላለሁ። ባራሲ በክፍለ ጊዜዎች መካከል በተጫዋቾቹ ፊት ቆሞ ሲቆጣ የሚያሳዩ ምስሎች ዛሬም ድረስ ይዞራሉ፤ የአንገቱ ሥር ተወጥሮ፣ ጣቱን በአንዱ ተጫዋች ፊት ቀስሮ። ብዙ ወጣት አሰልጣኝ ከእርሱ የሚወርሰው ይህችን ብቻ ነው፤ እኛም ዘንድ ልጅ ላይ መጮህን የአሰልጣኝነት መለኪያ ያደረጉ ሰዎች አይጠፉም። እኔ ይህን የባራሲን ጠባይ አልወደውም፤ በዘመኑ ነበር ብዬም አላመካኝለትም። ደግሞም ሲታይ ጩኸቱ ብቻውን ያመጣው ነገር የለም፤ በ1970 ጨዋታውን የለወጡት ሁለቱ ትእዛዞች በሹክሹክታ ቢነገሩም ያው ይሠሩ ነበር።

በ1981 ወደ አደገበት ክለብ በአሰልጣኝነት ተመለሰ። ሕዝቡ የጠፋው ልጅ መጣ ብሎ ተቀበለው፤ ክለቡ ግን በዚያ ዓመት ከ22 ጨዋታ ያሸነፈው አንዱን ብቻ ነው። እስከ 1985 ድረስ ቆይቶ ለማጣሪያው ዙር እንኳ ሳያደርሰው ሄደ። በውጤት ከተለካ ይህ የሥራ ዘመኑ ውድቀት ነው። ሆኖም በእነዚያ ዓመታት ክለቡ ማንም ያላሰበውን አደረገ፦ ተጫዋች ፍለጋ ወደ አየርላንድ ተሻገረ። አየርላንዳውያን በባህላዊ እግር ኳሳቸው ኳስን በእጅም በእግርም ስለሚጫወቱ ወደ ፉቲ ሊለወጡ ይችላሉ የሚል እምነት ነበር። በ1984 ከደብሊን የመጣው የ18 ዓመት ወጣት ጂም ስታይንስ ሞላላዋን ኳስ እንኳ በወጉ መምታት አያውቅም ነበር። በ1987 ለፍጻሜ ሊያደርስ በሚችል ጨዋታ የመጨረሻ ቅጽበት ላይ ስታይንስ ማለፍ በሌለበት ቦታ አልፎ ሮጠ፤ ዳኛው ተጋጣሚውን 15 ሜትር ወደ ጎል አስጠጋው፤ ኳሷም ገባች፣ ሜልበርንም ወደቀ። ያ ልጅ በ1991 የሊጉን የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሜዳልያ ወሰደ፤ 244 ጨዋታ ሳያቋርጥ በተከታታይ ተጫውቶ ለረጅም ዓመታት ሳይሰበር የቆየ ክብረ ወሰን አስመዘገበ፤ በኋላም በ2008 የዚያው ክለብ ፕሬዚዳንት ሆነ። ባራሲ በቆየበት ዘመን የዘራውን አላጨደም፤ ከአሰልጣኝ ሥራ ይህ ክፍል ለአመራሮች ለማስረዳት እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ይህን እኔም ከትንሿ ቡድናችን አውቀዋለሁ።

የመጨረሻው ሥራው ሲድኒ ነበር። በአውስትራሊያ ፉቲ የሚወደድበትን ክልል ራግቢ ከሚወደድበት የሚለይ አንድ የታወቀ የአሳብ መስመር አለ፤ የታሪክ ምሁሩ ኢያን ተርነር በ1978 «የባራሲ መስመር» ብሎ በእርሱ ስም ሰይሞታል። ሲድኒ ከመስመሩ ወዲያ፣ በራግቢው ወገን ናት። ከሜልበርን ወደዚያ የተዛወረው የስዋንስ ክለብ በ1993 ሊጠፋ ደርሶ ነበር፤ 26 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፏል። ባራሲ በውድድሩ መካከል፣ 57 ዓመት ሞልቶት፣ ምንም ዋንጫ እንደማያገኝ እያወቀ ሄደ። ያንን የሽንፈት ሰንሰለት የበጠሰው ሜልበርንን በማሸነፍ ነበር፤ አጋጣሚው ለተራኪ የተመቸ ነው። በቀጣዩ ዓመትም ቡድኑ ግርጌ ላይ ነበር፤ በ1995 ግን ቶኒ ሎኬትና ፖል ሩስ የሚባሉ ትልልቅ ተጫዋቾች መጡ፤ ስምንት ጨዋታም አሸነፈ። ባራሲ በዚያ ዓመት መጨረሻ ለሌላ አሰልጣኝ አስረክቦ ወጣ፤ በ1996 ስዋንስ ለፍጻሜ ደረሰ። እኔን ብትጠይቁኝ ከአራቱ ዋንጫዎቹ አንዱን አስቀርቼ እነዚህን ሁለት ዓመት ተኩል በቦታው አስገባለሁ።

የስሚዝ ጓሮ ምን እንዳፈራ ለማወቅ የተጫዋቾቹን ዝርዝር ማየት ይበቃል። በካርልተን በእርሱ ሥር የተጫወቱት ኒኮልስ፣ አሌክስ ጄሳውለንኮና ሮበርት ዎልስ ሦስቱም አሰልጣኝ ሆነው ካርልተንን ለዋንጫ አብቅተዋል፤ ኒኮልስ በ1972፣ ጄሳውለንኮ በ1979፣ ዎልስ በ1987። የኖርዝ ሜልበርኑ ማልኮም ብላይት በ1997 እና በ1998 ከአዴሌድ ጋር አከታትሎ አሸንፏል። ፖል ሩስ ደግሞ በ2005 ሲድኒን 72 ዓመት ለጠፋበት ዋንጫ አበቃው። እኒህ ሰዎች በጠባያቸው አንዱ ከሌላው አይመሳሰሉም፤ ሩስ ለምሳሌ ረጋ ብሎ በመናገር የሚታወቅ ነው፤ ባራሲን የሚመስል አሰልጣኝ ከመካከላቸው አለመውጣቱን እኔ ለባራሲ ምስጋና እቆጥረዋለሁ።

ሩስ በ2014 በወደቀው የሜልበርን ክለብ አሰልጣኝ ሆኖ ሄደ። ሲቀጠር ተተኪውን አዘጋጅቶ ለመውጣት ተስማምቶ ነበር፤ ተተኪውም በአዴሌድ በብላይት ሥር የተጫወተው ሳይመን ጉድዊን ሆነ። ጉድዊን በ2021 ሜልበርንን ለፍጻሜ አደረሰ። በወረርሽኙ ምክንያት ጨዋታው ወደ ፐርዝ ተዛውሮ ነበር፤ ተጋጣሚው ደግሞ የፉትስክሬዩ ክለብ፣ የአጎቴ ልጅ ቡድን ነው፤ በዚያ ቀን ስልኬ ላይ የደረሰኝን መልእክት እዚህ አልጽፈውም። ሜልበርን አሸነፈ፤ ባራሲ አምበል ሆኖ ካነሣው ከ1964ቱ ዋንጫ በኋላ የመጀመሪያው ነበር። ባራሲ ያኔ 85 ዓመቱ ነበር፤ በሁለት ዓመቱ በመስከረም 2023 አረፈ።